ክላራ ሹማን ስልሳ ዓመት መድረክ ላይ እንዴት ቆየች?

ጀርመን ወደ ዩሮ ከመግባቷ በፊት ትገበያይበት የነበረውን የመጨረሻውን የመቶ ማርክ ኖት ያየ ሰው የጀርመናዊቷን ፒያኖ ተጫዋች የክላራ ሹማንን ፊት አይቷል፤ በጀርባው ደግሞ ትልቅ ፒያኖ ተስሎበታል። እኛ ዘንድ ግን ስሟ የሚነሣው ባብዛኛው የሙዚቃ ደራሲዎቹ የሮበርት ሹማን ሚስት፣ የዮሐንስ ብራምስ ወዳጅ እየተባለ ነው። ታሪኩ እውነትም ልብ ይነካል። ይሁን እንጂ ፒያኖ ለሚማር፣ በተለይም አንድ ቀን ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ወይም ከፒያሳ እስከ ብሔራዊ ቴአትር ካሉት አዳራሾች ባንዱ ሙሉ ምሽት ብቻውን ሊጫወት ለሚያስብ ወጣት፣ ከፍቅር ታሪኳ ይልቅ የሚጠቅመው የሥራ ታሪኳ ነው። ክላራ ሕዝብ ፊት የወጣችው በ9 ዓመቷ ሲሆን ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተችው በ71 ዓመቷ ነው። ከ1,300 በላይ የኮንሰርት ፕሮግራሞቿን ሰብስባ አስቀምጣለች፤ ዛሬም ሮበርት በተወለደባት በትስቪካው ከተማ ይገኛሉ። ተሰጥኦ ብቻውን ይህን ያህል ዘመን አያስኬድም። ያቆያት አሠራሯ ነው፤ እንዴት እንደተማረች፣ ኮንሰርቱን እንዴት እንዳሰናዳች፣ ምን መርጣ እንደተጫወተች፣ ፒያኖዋንና ክንዷን እንዴት እንደያዘች። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደችው ሴፕቴምበር 13 ቀን 1819 ላይፕዚግ ውስጥ ነው። አባቷ ፍሪድሪሽ ቪክ ፒያኖ ይሸጣል፣ ያስተምራልም። እናቷ ማሪያኔ ዘፋኝና ፒያኖ ተጫዋች ነበረች፤ ጋብቻው በ1825 ሲፈርስ ልጅቷ በዘመኑ ሕግ መሠረት ለአባቷ ቀረች። ክላራ አራት ዓመት እስኪያልፋት ድረስ አፏን አልፈታችም፤ ጆሮዋ አይሰማ ይሆን ተብሎም ተሠግቶ ነበር። ከቃል በፊት የገባት ዜማ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቪክም ትምህርቱን የጀመረላት ያለ ኖታ ነው።

ይህ የቪክ ዘዴ ዛሬም ይሠራል፤ በከተማችን ግን ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይታያል። ወላጅ ልጁን ፒያኖ ሲያስጀምር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኖታ ማንበብ ችሏል?» ብሎ ነው። ቪክ ተማሪውን በመጀመሪያ እጁ ቦታ ሳይቀይር በአምስቱ ጣቶቹ የሚጫወታትን አጭር ዜማ በጆሮው ያስይዘዋል። ቀጥሎ አንደኛውን፣ አራተኛውንና አምስተኛውን ኮርድ (ባንድ ጊዜ የሚጫኑ ድምፆች) አያይዞ ወደ አንደኛው መመለስን ያስተምረዋል። ይህች ትንሽ ዑደት በሲ ሜጀር ከተያዘች በኋላ ወደ ጂ፣ ወደ ዲ፣ ወደ ኤፍ እየተባለ በአሥራ ሁለቱም ቃናዎች ትዞራለች። ኖታ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጥቅሙ ቀላል ነው፦ ጣቱ ቃናውን ካወቀ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ የሚያየው ምልክት ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ይሆንለታል። ኖታን አስቀድሞ የተማረ ልጅ ግን አንዷን ነጥብ አንብቦ አንዷን ቁልፍ ይፈልጋል፤ ምቱ ይቆራረጣል፤ ያንን መቆራረጥ ለማስለቀቅ ዓመታት ይወስዳል።

የቀኑ ሥርዓቷ አንድ ሰዓት ትምህርት፣ ሁለት ሰዓት ልምምድና ረጅም የእግር ጉዞ ነበር። ሦስት ሰዓት ብቻ! በዚያ ላይ ቫዮሊን፣ ድምፅና የሙዚቃ ቅንብር ተምራለች፤ ከቅንብር መምህሮቿ አንዱ ሪቻርድ ቫግነርን ያስተማረው ቴዎዶር ቫይንሊሽ ነው። ቪክ ጨካኝና ገንዘብ ወዳድ አባት እንደነበር የሚክድ የለም፤ የልጁን የግል ማስታወሻ ደብተር እንኳ በእሷ አንደበት እየጻፈ እሱ ነበር የሚመራው። በጉልበት አጠባበቅ በኩል ግን ከብዙ የዛሬ መምህራን ይበልጣል። ስድስትና ሰባት ሰዓት ቁልፍ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ከአራተኛው ሰዓት በኋላ የሚያስለምደው ድካምን ነው፤ የደከመ ጣት የሚሠራውን ስሕተት ደግሞ እጁ እንደ ትክክለኛው ሁሉ ይይዘዋል።

በዚያው ቤት ሌላ ተማሪ ነበር፦ ሮበርት ሹማን። በ1830 የሕግ ትምህርቱን ትቶ ቪክ ዘንድ ገባ። በሃያ ዓመቱ ዘግይቶ በመጀመሩ ስለተጨነቀ ጣቶቹን በመሣሪያ ሊያጠነክር ሞከረ። የቀኝ እጁ መካከለኛ ጣት ከዳው፤ የፒያኖ ተጫዋችነት ተስፋውም በዚያው አበቃ። የጉዳቱ ትክክለኛ ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ጣትን ለይቶ በመሣሪያ ማሠልጠን አደገኛ መሆኑ ግን አያከራክርም። የቀለበት ጣት ከጎረቤቱ ጋር በጅማት የተያያዘ ስለሆነ እንደ አመልካች ጣት ለብቻው ሊነሣ አይችልም። በጉልበት ለማላቀቅ የሚደረግ ሙከራ ሁሉ የሚያርፈው ጅማቱ ላይ ነው። ለዚህ መፍትሔው የእጅ አንጓና ክንድ ጣቱን እንዲያግዙት ማድረግ ነው፤ እጁ በትንሹ ወደሚጫወተው ጣት አቅጣጫ ይዞራል፣ ክብደቱም ከክንድ ይመጣል።

ክላራ በኦክቶበር 20 ቀን 1828 በላይፕዚግ ጌቫንድሀውስ አዳራሽ የሌላ ተጫዋች ኮንሰርት ላይ ለአራት እጅ የተጻፈ ሥራ ተጫውታ ተዋወቀች። የራሷን ኮንሰርት የሰጠችው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1830 ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሊጤን ይገባዋል፦ መጀመሪያ በሰው ምሽት ላይ አንድ ቁጥር፣ ቀጥሎ የራስ ምሽት። ዛሬም አንድ ተማሪ ሙሉ ፕሮግራም ከመያዙ በፊት በትምህርት ቤት ዝግጅት ወይም በሌላ ሙዚቀኛ ምሽት ላይ ያንኑ ሥራ ሦስት አራት ጊዜ ሕዝብ ፊት ቢያወጣው የሚላላበትን ቦታ ያውቀዋል።

በ1831 መከር አባትና ልጅ ወደ ፓሪስ ጉዞ ጀመሩ። መንገዳቸው በቫይማር ነበርና ለሽማግሌው ገጣሚ ለጎተ ተጫወተችለት፤ ለወንበሯ የሚሆን ትራስ ራሱ አምጥቶ እንዳስቀመጠላት ይነገራል፤ ምስሉ ያለበትን ሜዳልያም ሰጣት። እንግዲህ ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለው፣ በስሙ በተሰየመው የጀርመን የባህል ተቋም ኮንሰርት የሚታደም ሁሉ ይህን ቢያስታውስ ደስ ይላል። ለቪክ ግን ጉብኝቱ ከክብር ያለፈ ጥቅም ነበረው። በዚያ ዘመን ኮንሰርት የሚያዘጋጅ ወኪል የለም ማለት ይቻላል። ተጫዋቹ ከተማው የሚደርሰው ከኮንሰርቱ ሳምንታት ቀድሞ ነው። የታወቁ ሰዎችን የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ በየመሳፍንቱና በየሀብታሙ ሳሎን በነፃ ይጫወታል፤ ወሬው ይዛመታል። ከዚያ አዳራሽ ይከራያል፣ ከከተማው ፒያኖ ሠሪ መሣሪያ ይዋሳል፣ ዘፋኞችንና ኦርኬስትራ ይለምናል፣ ማስታወቂያና ትኬት ያሳትማል፣ ሻማውን ሳይቀር ይገዛል። የሚተርፈው የእሱ ነው፤ የሚጎድለውም እንዲሁ። በፓሪስ የደረሰባቸው ይኸው ነው፦ በ1832 ኮሌራ ከተማዋን ሲመታ የሚጠበቀው ሰው ሸሸ፣ ኮንሰርቱም በትንሽ አዳራሽ አለቀ።

ክላራ ይህን ሥራ በልጅነቷ አይታ ተማረችው። በ1839 ወደ ፓሪስ ስትመለስ አባቷ አብሯት አልነበረም፤ የ19 ዓመት ልጅ ሆና ሁሉንም ራሷ አሰናዳች። በኋላም ዕድሜዋን ሙሉ ደብዳቤውን የምትጻጻፈው፣ ቀኑን የምትቆርጠው፣ ዋጋውን የምትደራደረው ራሷ ነበረች። ሙዚቀኛ የሆነ ሰው «እኔ የምጫወት ነኝ፤ ዝግጅቱን ሌላ ሰው ይያዘው» ሲል፣ ሌላው ሰው የማያውቀው ነገር በዚያው ምሽት ይገለጣል፦ ፒያኖው አልተቃኘም፣ ወንበሩ ዝቅ አይልም፣ መብራቱ ቁልፎቹ ላይ ጥላ ይጥላል።

ትልቁ ድሏ ቪየና ነው። ከ1837 መጨረሻ እስከ 1838 ጸደይ እዚያ ቆይታ ደጋግማ አዳራሽ ሞላች፤ ማርች 15 ቀን 1838 ንጉሠ ነገሥቱ የቤተ መንግሥት ሙዚቀኛነት ማዕረግ ሰጣት። ለውጭ ሀገር ሰው፣ ካቶሊክ ላልሆነች፣ ገና 18 ዓመቷ ለሆነ ልጅ ይህ ያልተለመደ ነበር። እዚያ ከተጫወተቻቸው አንዱ የቤትሆቨን ኦፐስ 57 (ኦፐስ የደራሲው ሥራ ተራ ቁጥር ነው) ሶናታ (በክፍሎች የተሠራ ረጅም ሥራ)፣ ማለትም አፓሲዮናታ ነው፤ ያውም በቃሏ።

በቃል መጫወት ያኔ እንደ ድፍረት ይታይ ነበር። ደራሲዋ ቤቲና ፎን አርኒም በርሊን ላይ ክላራ ያለ ኖታ ስትቀመጥ አይታ ትዕቢት ነው ብላ ነቅፋታለች። ዛሬ በዓለም ያሉ መድረኮች ሁሉ ከብቸኛ ተጫዋች የሚጠብቁት ልማድ ሆኗል፤ ካስለመዱትም ሰዎች አንዷ እሷ ናት። ስለዚህ በቃል መያዝ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ተማሪዎች መድረክ ላይ የሚወድቁት ብዙውን ጊዜ እዚህ ነውና።

የጣት ትዝታ ብቻውን አይበቃም። ጣት የሚያስታውሰው የሚያውቀውን ፒያኖ ነው፤ የቁልፉ ክብደት ሲቀየር፣ አዳራሹ ሲያስተጋባ፣ እጅ ሲቀዘቅዝ ትዝታው ይበጠሳል። ከተበጠሰ ደግሞ ተጫዋቹ የሚያውቀው መነሻ አንድ ብቻ ነው፦ የሥራው መጀመሪያ። መድኃኒቱ ሥራውን በየስምንት ወይም በየአሥራ ስድስት ባሩ (ባር የኖታው አጭር የምት ክፍልፋይ ነው) ከፍሎ ከእያንዳንዱ ክፍል መነሣትን መለማመድ ነው፤ ከመጨረሻው ክፍል ጀምሮ ወደ ኋላ መሄድ ይበልጥ ይጠቅማል። ቀጥሎ ግራ እጅን ብቻውን በቃል መያዝ፤ ዜማውን ጆሮ ይሸከመዋል፣ የሚጠፋው ባሱ ነው። ሦስተኛው ያለ ፔዳል፣ በግማሽ ፍጥነት መጫወት፤ ፔዳል የተሳሳተን ጣት ይሸፍናልና።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ በሶናታ ውስጥ የሚመለሰው ዜማ ነው። አፓሲዮናታ ላይ የመጀመሪያው ክፍል ሁለተኛ ዜማ መጀመሪያ በኤ ፍላት ሜጀር ይመጣል፤ ሲመለስ በኤፍ ሜጀር ነው። ወደ ሁለቱ የሚያደርሱት መንገዶች በጣም ይመሳሰላሉ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይለያያሉ። ያን መለያያ ቦታ በስሙ የማያውቅ ተጫዋች ሳያስበው ወደ መጀመሪያው መንገድ ይገባና ክፍሉን እንደገና ይዞራል። ስለዚህ ሁለቱን ቦታዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የትኛው ባር ላይ የትኛው ኖታ እንደሚቀየር ጮክ ብሎ መናገር እስኪቻል መያዝ ያስፈልጋል። ቪክ ኮርዶችን በሁሉም ቃና ያስዞራት ለዚህ ቀን ነበር ለማለት ይቻላል፤ ቃናውን በጭንቅላቷ የያዘች ልጅ መንገዱ ሲታጠፍ ታውቃለች።

ከሮበርት ጋር የተጋቡት ሴፕቴምበር 12 ቀን 1840፣ 21 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት ነው። አባቷ ከልክሏቸው ስለነበር ፈቃዱን ያገኙት በፍርድ ቤት ነው። ትዳሩ ለኮንሰርት ሥራዋ ያልታሰበ ችግር አመጣ፦ ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ሮበርት ሙዚቃ ሲደርስ ጸጥታ ይፈልጋል፣ እሷ ደግሞ ሳትለማመድ ትውላለች። ጨዋታዬ ወደ ኋላ እየቀረ ነው ብላ በማስታወሻዋ አዝናለች። በኮንዶሚኒየም ፒያኖ ያለው ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ፒያኖ ከግድግዳው አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ቢል፣ ከእግሮቹም ሥር ወፍራም ላስቲክ ቢገባ ወደ ጎረቤት የሚያልፈው ድምፅ ይቀንሳል። መካከለኛው ፔዳል የሚያወርደው ጨርቅም ድምፁን ያፍነዋል፤ ግን ለረጅም ሰዓት ከተሠራበት ጎጂ ነው። የታፈነው ድምፅ ስለማይሰማው ተጫዋቹ ሳያውቀው እየጠነከረ ይመታል፤ ጨርቁ ሲነሣ ለስላሳ መጫወት ያቅተዋል። በጨርቅ የሚሠራው ኖታ ማጥናትና ጣት መደልደል ብቻ ይሁን። የድምፅ ሥራ ፒያኖው በተከፈተ ሰዓት ነው።

ለማንኛውም እየወለደችም ትጓዝ ነበር። ስምንት ልጆች ወልዳለች። በ1844 ሩሲያን ዞረች፤ የሮበርትን የኤ ማይነር ኮንቼርቶ (ለፒያኖና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ) በዲሴምበር 1845 ድሬስደን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተች። የራሷንም የኤ ማይነር ኮንቼርቶ በ16 ዓመቷ የሙዚቃ ደራሲው ሜንደልሶን ኦርኬስትራውን እየመራላት ተጫውታዋለች። ድርሰቷን ከ1853 በኋላ አቆመች ማለት ይቻላል፤ ኦፐስ 20 ቫርየሽኖቿን (አንድ ዜማ በልዩ ልዩ መልክ የሚመላለስበት ሥራ) የሰማ ሁሉ በዚህ ያዝናል።

ፌብሩዋሪ 1854 ሮበርት ራይን ወንዝ ውስጥ ዘለለ። ሰዎች አውጥተውት ቦን አጠገብ ኤንደኒሽ ወዳለ የአእምሮ ሕሙማን ቤት ገባ። ክላራ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የመጨረሻ ልጇን በጁን ወለደች፤ በዚያው ዓመት መከር ጉዞ ጀመረች። ሐኪሞቹ ባሏን እንድታይ የፈቀዱላት በ1856 ጁላይ መጨረሻ፣ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ከዚያ በኋላ ሰባት ልጆችን ያሳደገችው በአሥር ጣቶቿ ነው። በ1856 እንግሊዝ ገባች፤ ከዚያ በኋላ እስከ 1888 ድረስ ደጋግማ ተመልሳበታለች። ቫዮሊኒስቱ ዮሴፍ ዮአኪምና ዘፋኙ ዩሊየስ ሽቶክሀውዘን አብረዋት ብዙ ተጉዘዋል። ይህ ወዳጅነት ብቻ አልነበረም። ዘፋኝ ሁለት ዜማ ሲያዜም የብቸኛ ተጫዋች እጅ ባይሆንም ጭንቅላቱ ያርፋል፤ አዳራሹም የሌላ ድምፅ ቀለም ሰምቶ ጆሮው ይታደሳል።

ፒያኖዎቿን በተመለከተ፣ በ1839 የቪየናው ኮንራድ ግራፍ ያበረከተላት ፒያኖ ዛሬ ቪየና ሙዚየም ውስጥ አለ። የዚያ መሣሪያ አካል በሙሉ እንጨት ነው፤ የብረት ማዕቀፍ የለውም፤ መዶሻዎቹ ቆዳ የለበሱ፣ ቁልፎቹ ቀላልና ጥልቀታቸው አነስተኛ ነው። በኋላ እንግሊዝ ውስጥ በብሮድዉድ፣ በሀገሯ ደግሞ በብረት የተጠናከሩትን የግሮትሪያን ፒያኖዎች ተጫወተች። በአንድ ዕድሜ መሣሪያው ሁለት ጊዜ ተለውጦባታል ማለት ነው። የዘመናችን ፒያኖ ቁልፍ እስከ ታች አሥር ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል፣ ለማውረድም 50 ግራም ገደማ ይጠይቃል። ያረጀ ፒያኖ ላይ ግን አንዱ ቁልፍ 45፣ ጎረቤቱ 65 ግራም ሊሆን ይችላል፤ የተጫዋቹ ለስላሳ ድምፅ የሚጠፋውም በዚህ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ዋናው ጠላት የአየሩ መለዋወጥ ነው። በክረምት የፒያኖው የድምፅ ጣውላ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ክሮቹን ወደ ላይ ይገፋል፣ ድምፁም ከፍ ይላል። ከጥቅምት ጀምሮ አየሩ ሲደርቅ ይኮማተርና ድምፁ ይወርዳል። ይህ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም፤ ይበልጥ የሚዛባው መካከለኛው ክፍል ነው። ለዚህ ነው ነሐሴ ላይ በደንብ የተቃኘ ፒያኖ ታኅሣሥ ላይ መካከሉና ዳሩ የሚጣሉት። አንድ ፒያኖ 230 ያህል ክሮች አሉት፤ ብዙ ወርዶ የቆየ ከሆነ አንድ ጊዜ መቃኘት አይበቃውም። የመጨረሻዎቹ ክሮች ሲወጠሩ ጭነቱ ጣውላውን ስለሚጫነው መጀመሪያ የተቃኙት ይወርዳሉ። ስለዚህ ቃኚው ከኮንሰርቱ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቀድሞ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ በዕለቱ ደግሞ ከመጨረሻው ልምምድ በኋላ፣ በሩ ሳይከፈት፣ ያስተካክላል። በዕለቱ ብቻ ጠርቶ «ዛሬ ጨርሰው» ማለት ገንዘብ ማባከን ነው። በክረምት ተጭኖ የማይመለስ ቁልፍ ሲገኝ ደግሞ ዘይት መቀባት ክልክል ነው። ቁልፉን የያዘው በመመሪያ ብረቱ ዙሪያ ያለው ጨርቅ ማበጥ ነው፤ ዘይት ጨርቁን ይበልጥ ያሳብጠዋል፣ አቧራም ይስባል። ባለሙያው ጨርቁን በመቆንጠጫ በመጠኑ ጨምቆ ያላላዋል። ፒያኖውን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ማራቅና መጋረጃውን መዝጋት ከሁሉ የረከሰው ጥበቃ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ኮንሰርት ማድረግም አይገባም፤ ዝናቡ ሲወርድ የሹማን ለስላሳ ገጾች አይሰሙም። ለመብራት መጥፋት ጄኔሬተሩ እስኪነሣ የምታበራ፣ በባትሪ የምትሠራ መብራት ቁልፎቹ አጠገብ ትቀመጥ።

ወደ ፕሮግራሙ እንምጣ፤ የክላራ ትልቁ ፍርድ የሚታየው እዚህ ነው። በልጅነቷ የምትጫወተው የኸርትስ፣ የካልክብሬነር፣ የፒክሲስ የጣት ትርዒት የበዛባቸውን ሥራዎች ነበር፤ ሕዝቡ የሚፈልገው እሱን ነውና። ከጋብቻዋ በኋላ እነዚህን እየተወች ባህን፣ ስካርላቲን፣ ቤትሆቨንን፣ ሹበርትን፣ ሾፐንን፣ ሜንደልሶንን አመጣች። የባሏንና የብራምስን አዲስ ሥራ ስታስገባ ግን ጥንቃቄ ነበራት። ረጅምና እንግዳ የሆነውን ሥራ በሙሉ አትጭንም፤ ከስብስቡ ሁለት ሦስት አጫጭር ቁራጮች መርጣ በሚታወቁ ሥራዎች መካከል ታስገባለች። ሕዝቡ ሲለምድ ሙሉውን ትሰጣለች። ሹማን ዛሬ የዓለም ሀብት የሆነው በዚህ ትዕግሥት ጭምር ነው።

እዚህም ይህ መንገድ ተፈትኗል። ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ በአምባሰልና በሌሎች ቅኝቶቻችን ላይ የተመሠረቱ ድርሰቶቻቸውን ከአውሮፓ ክላሲካል ሥራዎች ጎን ሲያቀርቡ ሁለቱም ወገን አድማጭ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ለአንድ ምሽት ምሳሌ ልስጥ። ከባህ አንድ ፕሪሉድና ፉግ፣ አራት ደቂቃ ገደማ። ከቤትሆቨን ኦፐስ 31 ቁጥር 2፣ ሃያ አራት ደቂቃ ያህል። የሹማን የልጅነት ትዕይንቶች፣ አሥራ ሦስት አጫጭር ቁራጮች፣ አሥራ ስምንት ደቂቃ። አሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት። የክላራ ኦፐስ 20፣ አሥር ደቂቃ አለፍ የሚል። ብራምስ ለእሷ ካበረከተው ኦፐስ 118 ሁለተኛው፣ ስድስት ደቂቃ። ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ የሚሆን የኢትዮጵያ ሥራ። ጠቅላላው ሙዚቃ ሰማንያ ደቂቃ አይሞላም፤ ከዚያ በላይ የረዘመ ምሽት ታክሲ ፍለጋ በሚያስበው ሰው ፊት ይጠናቀቃል። ከባዱ ሥራ ሁለተኛ ላይ የተቀመጠው በምክንያት ነው፦ ባህ ላይ እጅ ይሞቃል፣ ድካም ሳይመጣ ቤትሆቨን ያልቃል። ክላራ ደግሞ በሥራዎቹ መካከል ወዲያው አትዘልም ነበር፤ ካለቀው ቃና ወደሚቀጥለው የምታሸጋግር ትንሽ መግቢያ ከራሷ እየፈጠረች ትጫወታለች። በዚያውም ፒያኖውን ትፈትሻለች፣ አዳራሹን ታዳምጣለች፣ ሕዝቡ ጸጥ ይላል። በ1895 ልጆቿ ለምነዋት ከእነዚህ መግቢያዎች የተወሰኑትን በወረቀት አስቀርታለች። ይህ ልማድ መጥፋቱ ያሳዝናል፤ በገናና ክራር ደርዳሪዎቻችን ከዋናው ዜማ በፊት ቅኝቱን የሚያዳምጡበት አገባብ እኮ በእጃችን ያለ ነው።

ክንዷ በ1857 መጀመሪያ ታመመባት፤ ከ1873 በኋላ ደግሞ ሕመሙ ጠንቶ ከመድረክ ከአንድ ዓመት በላይ አራቃት። በ1877 ክረምት መሳቢያ ስትከፍት የቀኝ እጇ ጅማት ተሳበባት። በዚያው ሰሞን ብራምስ ባህ ለቫዮሊን የጻፈውን ሻኮን የተባለ ሥራ ለግራ እጅ ብቻ አዘጋጅቶ ልኮላት ስለነበር እጇ እስኪሽር እሱን ተጫወተች። ይህ ለተጎዳ ተማሪ ሁሉ የሚሆን ምክር ነው፦ የታመመውን እጅ አሳርፎ በሌላው መሥራት። የሕመም ምልክቱ ሲጀምር ክንዱ ላይ ሙቀትና መዛል ይሰማል፤ በማግሥቱ ጠዋት ካልለቀቀ ቆም ማለት ይገባል። መነሻው ባብዛኛው ሦስት ነገር ነው፦ ወንበሩ ዝቅ ብሎ አንጓው መታጠፉ፣ ኦክታቭ (ስምንት ነጭ ቁልፍ የሚያካልል ስፋት) ሲጫወቱ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ተወጥረው መቅረታቸው፣ ልምምዱም ባንድ ሳምንት በእጥፍ መጨመሩ። ክርን ከቁልፎቹ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል።

በ1878 ፍራንክፈርት ላይ አዲስ የተከፈተው የሆኽ ኮንሰርቫቶሪ ሲጠራት ቅድመ ሁኔታዎቿን ጻፈች። በቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አላስተምርም፤ የማስተምረው ቤቴ ነው፤ በዓመት አራት ወር ዕረፍት፤ በብርዱ ወራት ለአጫጭር ጉዞዎች ፈቃድ፤ ሁለት ረዳቶችም ይሰጡኝ አለች። ረዳቶቹ ሴት ልጆቿ ማሪና ኦይጌኒ ሆኑ። ሁሉም ተፈቀደላት። ማስተማር የተጫዋችን ሰዓት እንደሚበላ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህራንም ያውቁታልና ይህ ውል ተተርጉሞ ቢሰቀል አይከፋም። እስከ 1892 አስተማረች፤ ማርች 12 ቀን 1891 እዚያው ፍራንክፈርት ከባልደረባዋ ጄምስ ክቫስት ጋር የብራምስን የሃይድን ቫርየሽኖች በሁለት ፒያኖ ተጫውታ መድረኩን ተሰናበተች። ሜይ 20 ቀን 1896 አረፈች።

ለተማሪዎቿ ያስተማረችው አነካክ በአጭሩ ይህ ነው፦ ጣት ከቁልፉ አይርቅም፣ ከላይ አይመታም፤ ክብደቱን ይዞ ይጫናል። አንጓ ልል ነው። ከላይ የተመታ ድምፅ ደረቅ ይሆናል፤ መዶሻውን ያስፈነጠረውን ፍጥነት ተጫዋቹ አልተቆጣጠረውምና። ከቁልፉ ገጽ ተነሥቶ የሚጫነው ጣት ግን እስከ ታች ድረስ ፍጥነቱን ያውቀዋል። በየጠዋቱ ስኬልና አርፔጆ (በተራ የሚወጡና የሚወርዱ ድምፆችና ተበትነው የሚጫወቱ ኮርዶች) ትጫወታለች፤ ከቃና ወደ ቃና እያሸጋገረች፣ ሳታቋርጥ፣ እንደ ሙዚቃ እንጂ እንደ ስፖርት አይደለም።

የራሷ ቅጂ የለም፤ የተማሪዎቿ ግን አለ፣ በኢንተርኔትም ይገኛል። ፋኒ ዴቪስ የሹማንን ኮንቼርቶ በ1928፣ የልጅነት ትዕይንቶችን በ1929 ቀድታለች። ቅጂው ይንሿሿል፤ በጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርጉ መስማት ይሻላል። መጀመሪያ ኖታውን ዘግቶ አንዴ፣ ቀጥሎ ከፍቶ እንደገና ይሰማ። ግራ እጇ ከቀኙ ጥቂት ቀድሞ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች፣ ኮርዱን አንድ ላይ ከመጫን ይልቅ ከታች ወደ ላይ የምትበትንባቸውን ቦታዎች በእርሳስ ምልክት ማድረግ ነው። ከዚያ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ መጀመሪያ ሁለቱን እጆች እኩል አሳርፎ፣ ቀጥሎ እንደ እሷ አለያይቶ አንዱን ገጽ መሞከር። ዜማው ከኮርዱ ተለይቶ የሚወጣው በየትኛው እንደሆነ ያኔ ጆሮ ይለየዋል።